የንጋት ባቡርን ማን አስቀረው

የሚያውቋት ሰዎች፣ የኳየር አስተማሪዋ ጥርጣሬን ከእናቷ ጡት ጋር ነው የጠባችው ይላሉ። ዳቦ ስትገዛ ሥሩን ገልብጣ ታያለች። ሰው ቢያመሰግናት «ምን ፈልጎ ይሆን?» ትላለች። ተማሪ አሞኛል ብሎ ልምምድ ቢቀር ግንባሩን ዳስሳ ካላየች አታምንም። እሷ ግን ይህን ጥርጣሬ አትለውም፤ ሥራዬ ነው ትላለች። እውነቷን ነው። ያ ሁሉ ልጅ በአንድ ላይ ሲዘምር፣ ድምፅ ሳያወጣ አፉን ብቻ የሚከፍተውን ከመሃል ለይታ የምታወጣ ሴት እንዴት ብላ ሰው ትመን?

እንዲህም ሆና የማትጠረጥረው አንድ ሰው ነበራት፤ የታላቅ እህቷ ባል። ድሮ እህቷን ሊያይ ቤታቸው ሲመላለስ እግረ መንገዱን እሷን ኖታ ማንበብ ያስተማራት እሱ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት ያስቀጠራትም እሱ ነው። እሷ ከፊት ቆማ ትመራለች፣ እሱ ከጎን ተቀምጦ ፒያኖ ይመታል። ጋሼ ትለዋለች። ልጆቹ ደግሞ ዘንድሮ «ጋሼ ፔዳል» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ከፒያኖው ሥር ያለችውን፣ ሲረግጧት ድምፁን የምታስረዝመውን መርገጫ በዚህ ዓመት እግሩ አልለቃት ስላለ ነው። ድምፁ ሁሉ ተደባልቆ ክፍሉ ውስጥ ይዋኛል። አስተማሪዋ ስሙን ስትሰማ ሳቀች እንጂ፣ ሰውየው ዘንድሮ ፔዳሏ ላይ ምን ነክቶት ሙጭጭ አለ ብላ አልጠየቀችም። ያኔ ብትጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይቀርላት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው።

«ካቻምና አራተኛ፣ አምና አራተኛ» አላት ብዕሩን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ። «ዘንድሮ በትምህርት ቤቶቹ ውድድር ከሦስቱ ውስጥ ካልገባችሁ የኳየሩን ሰዓትም ክፍሉንም ለቅርጫት ኳስ ነው የምሰጠው። ኳስ ቢያንስ ዋንጫ ያመጣል።»

«ክፍሉ ለኳስ ምን ያደርግልዎታል? ጣሪያው እኮ ዝቅ ያለ ነው።»

«ኳሶቹን አስቀምጥበታለሁ» አላት።

ደሟ ፈልቶ ወጣች። ዕድሜዋን ያፈሰሰችበት ክፍል የኳስ መጋዘን ሊሆን ነው! የሚያድናት ደግሞ አንድ መዝሙር ብቻ ነው። በውድድሩ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚያቀርበው አንድ መዝሙር ነው፤ የሚመርጠውም አስተማሪው። ምርጫው ከተበላሸ ልጆቹን ዓመቱን ሙሉ ቢያለማምዱ ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ እሷ መዝሙር ስትመርጥ በግ እንደሚገዛ ሰው ሽንጡን ሳትጨብጥ አታልፍም። የኖታውን ክምር ከቁም ሳጥን አውጥታ ወለሉ ላይ ትዘረጋዋለች። መጀመሪያ ከፍተኛዋንና ዝቅተኛዋን ኖታ ታያለች፤ እዚያ የሚደርስ ልጅ አላት ወይ? ቀጥላ ድምፃቸው መጎርነን የጀመረ ወንዶችን ታስባለች፤ እነሱ እምነት የሚጣልባቸው አይደሉም፣ ሰኞ እንደ ጫጩት የጮኸው ዓርብ እንደ በሬ ያገሳል። ከዚያ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ ትፈልጋለች። ግጥሙን የምታነበው መጨረሻ ላይ ነው። ግጥም ያታልላል ባይ ናት።

የዘንድሮው ክምር ውስጥ «የንጋት ባቡር» የሚባል መዝሙር አገኘች። ከላይ ሴቶቹ እንደ ባቡር ፉጨት ይጣራሉ፣ ከመሃል ተሳፋሪው ይሰናበታል፣ ከሥር ደግሞ የፒያኖው ግራ እጅ ጎማውን ያሽከረክራል፤ ዱጉዱም፣ ዱጉዱም፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው አያርፍም። ገና በዓይኗ ስታነበው እግሯ መሬቱን ይመታ ጀመር።

«ጋሼ፣ ይኸው! አገኘሁት!» ብላ ኖታውን ሰጠችው።

ጋሼ ተቀበላትና ዓይኑን ከገጹ ግርጌ፣ ከግራ እጅ መስመር ላይ አሳረፈ። ወደ ላይ ቀና ሳይል መለሰላት። «ልጆቹ አይችሉትም።»

«የልጆቹን መች አየኸው? ታች ታቹን አይደል እንዴ ያየኸው?»

«አንቺ ልጅ፣ ኖታ ማንበብ ደግሞ ከአንቺ ልማር?» አለና ሳቀ። ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

ሌላ ሰጠችው፤ ታች ታቹን አይቶ «ይከብዳል» አለ። ሦስተኛውን ሰጠችው፤ «ይሄማ ዳኞቹን ያሰለቻል» አለ። ከዚያ እሱ ራሱ ክምሩን በርብሮ «ጤዛ» የሚባል መዝሙር አወጣላት። ጤዛ እንደ ስሙ ነው፤ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ማንም ሳያየው ይደርቃል። እንኳን ዳኛ፣ የዘማሪው እናት ራሷ ታንቀላፋበታለች። ለዚህ ሰው ምን ነካው? በጤዛ አራተኛ አይደለም ሰባተኛ እንደሚወጡ ከእሷ በላይ ያውቃል እኮ።

ከክምሩ ሥር አንድ ሌላ ጥሩ መዝሙር ነበር፤ «ማን ነው በሩ ላይ?» ይባላል። ሴቶቹ ማን ነው እያሉ ይጠይቃሉ፣ ባሶቹ ማለትም ወፍራም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ከሥር እኛ ነን ይላሉ፣ ሴቶቹም አያምኗቸውም። መዝሙሩ ለእሷ ተለክቶ የተሰፋ ነበር ማለት ይቻላል። ግን ያለ ፒያኖ የሚዘመር ነው። ያለ ፒያኖ የሚዘመር መዝሙር በውድድሩ የሚፈራበት ምክንያት አለ፤ ፒያኖ መቺው መነሻዋን ኖታ አንድ ጊዜ ነክቶ ይሰጣል፣ ልጆቹ ብቻቸውን ዘምረው ሲጨርሱ ዳኛዋ «እስቲ ኖታውን» ትላለች፣ እሱም ያችኑ ኖታ ደግሞ ይነካል። ልጆቹ በመሃል ቁልቁል ወርደው ከሆነ እዚያው፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት፣ ይጋለጣሉ። ብዙዎቹ ይወርዳሉ። ስለዚህ እሱን ወደ ጎን አደረገችውና «የግድ የንጋት ባቡር ነው» ብላ ልምምድ ጀመረች።

ባሶቹ መውረድ የጀመሩት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ያውም ፒያኖ እያላቸው። ጮኸችባቸው፣ ለየብቻ አቆመቻቸው፣ ደግመው ወረዱ። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና ልጆቹን ትታ ፒያኖውን ብቻ አዳመጠች። የባቡሩ ጎማ ዱጉ፣ ዱጉ ይላል። «ዱም» የለችም። ባሶቹ ተደግፈው የሚቆሙባት፣ የግራ እጅ የመጨረሻዋ፣ ወፍራሟ ድምፅ የለችም። ፔዳሉ ሌላውን ድምፅ ስለሚያንሳፍፈው ቀዳዳው በቀላሉ አይሰማም።

«ጋሼ፣ የታችኛዋ ድምፅ የት ሄደች?»

«ፒያኖው ደክሟል» አላት። «ታች ታቹ አይጮህም። እንደ እኔ አርጅቷል።»

ሁሉም ከሄደ በኋላ ፒያኖው ላይ ተቀምጣ የታችኞቹን ቁልፎች አንድ በአንድ መታቻቸው። እንደ ደወል ጮኹ። መስኮቱ እስኪንቀጠቀጥ ጮኹ።

ፒያኖው ደህና ነው። ስለዚህ ሰውየው ዋሽቷል። ኖታዋን የሚተዋት ሆን ብሎ ነው፤ ልጆቹን ቁልቁል የሚጎትታቸው እሱ ነው። ለምን? ለማን ብሎ?

በማግስቱ እህቷ ቤት ሄደች። ነገር ልታወጣጣ ነበር አካሄዷ፤ እህቷ ቀደመቻት።

«እኔ እኮ ሆዴ ተቃጠለ» አለች እህቷ ሽንኩርቱን እየከተፈች። «ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር አለው። ሳምንት ሁለቴ አምሽቶ ይመጣል። የት ነበርክ ስለው ልምምድ ይለኛል።»

«ልምምድ? ከእኔ ጋር?»

«ከአንቺ ጋር ነዋ!»

«እታለም፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ነው የምለቃቸው።»

እህቷ ቢላዋውን አስቀመጠች። «አላልኩሽም? ሴት ይዟል። ሹራቡንም አየሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ሸሚዝ ሲለብስ የኖረ ሰው፣ አሁን ቁልፍ ያለው ልብስ ዓይኔን አያሳየኝ ብሎ ሹራብ ብቻ ሆኗል። እንደ ጎረምሳ! ለማን ነው የሚዘንጠው?»

«ሴት እንኳን አይመስለኝም» አለች አስተማሪዋ።

«እና ምንድን ነው?»

«ከዚያ የባሰ ይመስለኛል።»

እህቷ ከሴት የባሰ ምን እንዳለ ሊገባት አልቻለም። አስተማሪዋ ግን ምን እንዳለ በዓይኗ ያየችው በዚያው ሳምንት ነው። ታክሲ ውስጥ ሆና፣ መንገድ ተዘግቶ ቆመው ሳለ፣ ጋሼ የኖታ ቦርሳውን በቀኝ ብብቱ ይዞ የወዲያኛው ትምህርት ቤት በር ሲገባ አየችው። የጆሮው ትምህርት ቤት!

ጆሮው የሚሉት የዚያን ትምህርት ቤት ኳየር የሚመራውን ሰውዬ ነው። በር ሲጢጥ ሲል ሰምቶ ድምፁ የትኛው ኖታ እንደሆነ የሚናገር ጉደኛ ነው። ካቻምና አንደኛ፣ አምና አንደኛ የወጣውም እሱ። አሁን ነገሩ ሁሉ ገጠመላት። ጥሩ ጥሩ መዝሙሮቿን አይሆንም እያለ የሚያስጥላት፣ ባሶቿን ቁልቁል የሚያወርድባት፣ የመረጠችውንም ሄዶ የሚያቃጥርባት ሰው እህቷን ያገባው ሰው ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አለች በልቧ፤ ታክሲው ውስጥ እንባዋ መጣ፣ ተናደደችም።

ሳታድር ርዕሰ መምህሩ ዘንድ ገባች። «ፒያኖው ላይ የሚቀመጠውን ሰው አላምነውም» አለችው። እንዲህ በአጭሩ። እሱም ምክንያቱን እንኳ ሳይጠይቅ «ታዲያ ያቺ የሒሳብ አስተማሪ አለች አይደል? ኪቦርድ ትነካካለች። በእሷ ቀይሪው» አላት። የሰው የዓመታት ሥራ እንደ አምፖል በአንድ ቃል ሊቀየር! ደነገጠች፤ ግን ቃሏን አልመለሰችም። መጀመሪያ እጅ ከፍንጅ ልያዘው ብላ ተነሣች።

በሚቀጥለው ቀን ከሩቅ ተከተለችው። የወዲያኛው ትምህርት ቤት ዘበኛ አስቆማት።

«የፒያኖው ሰውዬ ዘመድ ነኝ።»

«እ፣ የእሳቸው? ግቢ፣ ግቢ። እሳቸውማ ቤተኛ ናቸው» አላት።

ቤተኛ! ጥርሷን ነክሳ ኮሪደሩን ያዘች። ልጆች ሄደዋል፤ ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ ወለሉ ገና በውሃ ታጥቦ አልደረቀም። ከኮሪደሩ ጫፍ ፒያኖ ይሰማል። የንጋት ባቡር ነው። የእሷ መዝሙር፣ በጠላት ቤት! እጇን በሩ መያዣ ላይ አሳረፈች፤ የምትለውን ስድብ መርጣ ጨርሳለች።

ግን ጆሮዋ ያዛት። ዱጉ፣ ዱጉ፣ ከዚያ ቀዳዳ። ባቡሩ እዚህም ያነክሳል። ቆመ። እንደገና ከመጀመሪያው ተነሣ፣ እዚያው ቦታ ሲደርስ ወደቀ። እንደገና። እንደገና። ልጅ የሚባል ድምፅ የለም። ሊያሳብቅ የመጣ ሰው አንድ መስመር እንዲህ ደጋግሞ ይመታል እንዴ?

በበሩ ክፍተት አየች። ጆሮው ጀርባውን ሰጥቶ መስኮቱ ጋ ዳቦ ይበላል። ጋሼ ፒያኖው ላይ ጎንበስ ብሏል። ከዚያ የግራ እጁን ትንሿን ጣት በቀኝ እጁ አንሥቶ ቁልፏ ላይ አስቀመጣት፣ ከላይ ሆኖም ተጫናት። ፊደል እንደሚያስጽፉት ሕፃን እጅ። ለቀቃት፤ ጣቲቱ እንዳለች ቀረች። ደግሞ አነሣት።

«ግቢ» አለ ጆሮው ዞር ሳይል። «የግራ ጫማሽ ይንጫጫል። ከበሩ ላይ ከቆምሽ ቆየሽ።»

ጋሼ ዘወር ሲል ፊቱ አመድ መሰለ። ግራ እጁን ሹራቡ እጅጌ ውስጥ ሰበሰበ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት፤ ፔዳሉ፣ ሹራቡ፣ ቦርሳው ቀኝ ብብት መግባቱ፣ ታች ታቹን ማንበቡ። ያ ሁሉ ጥርጣሬ በአንዲት ደካማ ጣት ላይ የተሠራ ቤት ነበር። አፈረች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«ከክረምቱ። ትንሿና ጎረቤቷ ደነዘዙ። ሐኪሙ ክርኔ ላይ የታነቀ ነርቭ ነው አለ፤ ሊመለስም ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለማን? ዳቦ ገልብጣ ሥሩን ለምታይ ሴት?» አላት ጋሼ። «ጣት የሌለው ፒያኖ መቺ ምን ይባላል? ጡረተኛ ነው የሚባለው። ቤት ገብቼ ከእህትሽ ጋር ሽንኩርት ልከትፍ?»

«እሷማ ሴት ይዟል እያለች ነው።»

ጆሮው ዳቦው ትን አለው። ጋሼም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። «በየትኛው ጣቴ ልያዛት?»

ጆሮው አፉን ጠርጎ፣ የእነሱ ፒያኖ ቁልፉ ለስላሳ ስለሆነ ለደካማ ጣት እንደሚሻል፣ ስለዚህም ሁሉም ከሄደ በኋላ እንዲለማመድ እንደፈቀደለት ነገራት።

«እና ይሄን መዝሙር እንደመረጥን ያውቃሉ ማለት ነው» አለችው። ጥርጣሬ እንደ ሳል ነው፤ በአንድ ቀን አይለቅም።

«አውቃለሁ። የእናንተ ነው፤ አልነካሁትም። እኔ የራሴን መርጫለሁ። ምን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ፤ ላንቺ አልነግርሽም» አላት።

ሁለቱ ዘመዳሞች ወደ ታክሲ ማቆሚያው ሲወጡ ጋሼ «ያቺን የሒሳብ አስተማሪ ፒያኖው ላይ አስቀምጫት» አለ። «ጣቶቿ ደህና ናቸው። የንጋት ባቡርን ትመታዋለች። ልጆቹ በእኔ ምክንያት ክፍላቸውን አይጡ።»

ይህንኑ ርዕሰ መምህሩ ሲላት ጊዜ ዝም ብላለች። አሁን ግን ከእሱ አፍ ስትሰማው እምቢ አለች።

«የንጋት ባቡር ቀርቷል» አለች። «ማን ነው በሩ ላይን ነው የምንዘምረው።»

ጋሼ ቆመ። «ያለ ፒያኖ? ያን ከባድ?»

«አዎ።»

«አዝነሽልኝ ነው።»

«አይደለም። ለልጆቹ ድምፅ ስለሚስማማ ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?» አላት ዓይኗን ዓይኗን እያየ። አሁን ደግሞ ጠርጣሪው እሱ ሆነ። እሷም የቆመችውን ታክሲ አሳብባ ተሻገረች።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሥራ ነው። ባሶቹ ዕድሜ ልካቸውን የጋሼን ትንሽ ጣት ተደግፈው የኖሩ ናቸው፤ ያለሷ ሲተዋቸው ግድግዳ እንደተነሣበት ሰካራም ወደቁ። ጋሼ ፒያኖውን ዘግቶ መሃላቸው ወንበር ይዞ ተቀመጠ። «አሁን እኔ የለሁም። እርስ በርስ ተደማመጡ» ይላቸዋል። እነሱ ይዘምራሉ፣ እሱ በቀኝ እጁ ጉልበቱን እየመታ ያዳምጣል። ሲወርዱ ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ አይቆጣም። ያ መቼም ሳይቆጡ ማየት የሚሉት ከቁጣም ይብሳል። በየሳምንቱ የሚወርዱት እያነሰ መጣ። መጨረሻ ሰሞን ክፍሉ ውስጥ ሳይወርዱ ይጨርሱ ጀመር፤ አንዳንዴ።

«አንዳንዴ» አለች አስተማሪዋ። «ውድድሩ ደግሞ አንዴ ነው።»

በውድድሩ ቀን አዳራሹ ሙቀቱ ለጉድ ነበር። ወላጆች ፕሮግራሙን እንደ ማራገቢያ ይዘው ያርገበግባሉ። መድረኩ ጀርባ ልጆቹ ተሰልፈው ተራ ሲጠብቁ ርዕሰ መምህሩ ሊያበረታታ መጣና ጋሼን አይቶ ተገረመ።

«አንተ ነህ እንዴ ዛሬም?» አለው፤ ሰዎች የሚደብቁት ነገር እንዳለ የማያውቅ ሰው ነው። «እኔ እኮ መምህሯ አላምነውም ብላኝ በሒሳብ አስተማሪዋ የቀየረችህ መስሎኝ ነበር።»

አስተማሪዋ ያን ቃል ለመመለስ አስባ አስባ፣ አፍራ ትታው ነበር። ጋሼ ወደ እሷ አልዞረም። የሹራቡን እጅጌ ሰብሰብ አደረገ።

«ልክ ብላለች» አለ። «እኔም ራሴን አላምነውም።»

ሌላ ቃል ለመለዋወጥ ጊዜ አልነበረም፤ ተጠሩ።

ወጡ። ልጆቹ ተደረደሩ። እሷ ከፊታቸው ቆመች፤ ፒያኖው በግራዋ፣ ቁልፎቹ ከእሷ በኩል ይታያሉ፤ ዳኞቹ ግን ከወዲያ በኩል ከተከፈተው ክዳን ጀርባ ናቸው። ጆሮው ተራውን ጨርሶ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጧል። ጋሼ በቀኝ እጁ አንዲት ነጭ ቁልፍ ነካ። ድምፅዋ አዳራሹን አቋርጣ ሄደች። እጆቿን አነሣች።

ማን ነው በሩ ላይ? አሉ ሴቶቹ። እኛ ነን፣ አሉ ባሶቹ፤ ጥሩ አሉ። ልጆቹ እንደዚያ ዘምረው አያውቁም። ፕሮግራም ሲያርገበግቡ የነበሩት እጆች ቆሙ። እሷ ግን ደስታው አልገባትም፤ ጀርባዋ በላብ ረጥቦ የምታዳምጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከመሃሉ በኋላ፣ ባሶቹ ብቻቸውን የሚቆዩበት ቦታ ላይ፣ የሆነ ነገር በጣም በቀስታ ሸርተት አለ። እርግጠኛ አልነበረችም። ከላይ ያሉት ሳያውቁ ተከተሏቸው። አንድ ላይ ስለወረዱ ቅርጹ አልተበላሸም፤ አምሮ ወረደ። መዝሙሩ በጀመረበት ኖታ መጨረስ ነበረበት። ጨረሱ። ጸጥታ ሆነ።

«እስቲ ኖታውን» አለች ዳኛዋ ከክዳኑ ወዲያ።

አስተማሪዋ ወደ ፒያኖው አየች። ቅርጫት ኳሶቹ ክፍሉ ውስጥ ተደርድረው ታዩዋት። ጋሼ ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ፣ ግራውን፣ ያን ከእጅጌ ወጥቶ የማያውቀውን እጅ፣ አነሣ። ትንሿን ጣት ዘረጋ። ነካ።

ድምፅዋ ከልጆቹ የመጨረሻ ድምፅ ጋር አንድ ሆነች፤ ቅንጣት አልተዛነፈችም። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዳኛዋ ራሷን ነቀነቀች።

አስተማሪዋ ግን ዓይኗን ከጣቲቱ አላነሣችም። ሲጀምሩ የሰጣቸው ነጩን ቁልፍ ነበር። ትንሿ ጣት አሁን ያረፈችው ከጎኑ ባለው፣ ድምፁ በትንሽ ዝቅ በሚለው ጥቁር ላይ ነው፤ ልጆቹ ወርደው በደረሱበት።

ዞር ብላ ጆሮውን አየችው። ሰምቷል። ያ ጆሮ ይህን ካልሰማ ምን ይሰማል? አፉን ከፈት አደረገ፤ ዘጋው፤ ከዚያ ከሁሉም ሰው በኋላ ማጨብጨብ ጀመረ።

ሦስተኛ ወጡ። አንደኛ እንደለመደው ጆሮው ነው። በሩ ላይ ሲሰነባበቱ ሰላም አላትና «ጥሩ ነበራችሁ» አለ። «ፒያኖው ግን መጨረሻ ላይ ትንሽ የወረደ መሰለኝ።»

«ሙቀቱ ይሆናል» አለች።

«ይሆናል» አላት፤ በዚሁ ተለያዩ።

አውቶቡሱ ውስጥ ልጆቹ ከኋላ ይጮኻሉ። ርዕሰ መምህሩ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ቅርጫት ኳሱን የት እንደሚያስቀምጥ ያሰላስላል። አስተማሪዋ ጋሼ አጠገብ ተቀመጠች። ይቅርታ ልትለው ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

«ሁለተኛዋን ኖታ ስትነካ… ለምን በዚያችኛዋ ጣት ነካሃት?»

«ላነቃቃት ብዬ ነው።»

«የነካችው ጥቁሩን ነው እኮ።»

ጋሼ ግራ እጁን ከሹራቡ አውጥቶ ትንሿን ጣቱን የሌላ ሰው ጣት እንደሚያይ ተመለከታት።

«በሽተኛ ናት» አለ። «የት እንደምታርፍ አታውቅም።»

ፊቱን ጠጋ ብላ አየችው፤ ከዓይኑም ከአፉም የሚነበብ ነገር የለም። ነገሩን እንደ ዳቦ ገልብጣ ሥሩን ልታይ ቃጣት። ከዚያ የኖታ ቦርሳውን ከቀኝ ብብቱ ወሰደችለትና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።